አይን መንገድ ላይ፣ ልብ ሌላ ቦታ

የዛሬው የጤና ትምህርታችን በካኩማ ቦዳ ቦዳ እየነዳችሁ ቤተሰብ ለምታስተዳድሩ ወንድሞቻችን ነው። ለምትሳፈሩ እናቶችና አባቶችም ይጠቅማል።

በቅርቡ አንድ ወጣት ባለሞተር የገጨውን ሕፃን ራሱ ታቅፎ ወደ ክሊኒካችን መጣ። የልጁ እግር ተሰብሯል። ወጣቱ አልጠጣም፣ ስልክም አልያዘም። «አይኔ መንገዱ ላይ ነበር፤ ልጁን ግን አላየሁትም» አለኝ። ጠዋት የእናቱን መታመም ከአገር ቤት ሰምቶ ነበር።

እውነቱን ነው። ሰው በሐሳብ ጭልጥ ሲል አይኑ ቢገለጥም አእምሮው የሚያየውን በሚገባ አይቀበልም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ3 ሰከንድ ከ30 ሜትር በላይ ይጓዛል። በፈረንሳይ አገር ቦርዶ ከተማ 955 የተጎዱ አሽከርካሪዎች ተጠይቀው በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋው ሲደርስ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ እንደነበር ተናግረዋል።

በለመድነው መንገድ ደግሞ ይብሳል፤ እጅ በልማድ ይነዳል፣ ልብ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ መንዳት የተማርን ቀኝ መያዝ ለምደናል፤ ኬንያ ግን በግራ ነው። ሐሳብ ሲወስደን እጃችን ወደ ድሮው ልማድ ሊመለስ ይችላል።

ሐሳብ የሌለበት ስደተኛ የለምና «አታስቡ» አልላችሁም። ቆማችሁ አስቡ ነው የምለው። ስለዚህ፦

1. ከባድ ወሬ ስትሰሙ ሞተሩን አጥፉ፤ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ለጓደኛ አውሩ። አእምሮ ሳይረጋጋ ሰው አትጫኑ።

2. «እዚህ እንዴት ደረስኩ?» ካላችሁ ልባችሁ ሄዶ ነበር ማለት ነው። ፍጥነት ቀንሱ።

3. ትምህርት ቤት፣ የውኃ ቦኖና ገበያ አጠገብ የምታዩትን በድምፅ ጥሩ፦ «ልጅ፣ ፍየል፣ መታጠፊያ»።

4. እንቅልፍ ሳትተኙ አድራችሁ አትንዱ። የደከመ አእምሮ ቶሎ ይሸሻል።

እናቶችና አባቶች፣ ባለሞተሩ በሐሳብ መሄዱን ካያችሁ «ልጄ፣ ቀስ በል» በሉት። ሐሳብ ለሳምንታት እንቅልፍ የነሳው ሰው ካለም ወደ ክሊኒክ ይምጣ፤ ማማከር ሕክምና ነው፣ አያሳፍርም።

የልጁ እግር እየጠገነ ነው። ወጣቱም እየመጣ ይጠይቀዋል።