ድረ ገጽን በቤታችን ቴሌቪዥን በአነስተኛ ወጪ ስለ ማየት
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የልጆቻችን የፈተና ውጤት ሳይቀር የሚወጣው በኢንተርኔት ነው። የስልኩ ፊደል ግን ለአዛውንቶቻችን ዓይን አይታይም። ታዲያ ለስማርት ቴሌቪዥን ብለን ዕቁብ ከመግባታችን በፊት ያለንን እንይ።

አንደኛ፣ ከቴሌቪዥናችን ኋላ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ጠፍጣፋ ቀዳዳ ካለ፣ ያው ቀዳዳ ያለው አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ገመድ ይበቃናል። የላፕቶፑ ባትሪ ቢሞትም በመብራት እስከሠራ ድረስ ግድ የለም።

ሁለተኛ፣ ራስበሪ ፓይ የሚባል መዳፍ የማይሞላ ኮምፒዩተር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። ኪቦርድና ማውዝ ይጨመርበታል።

ሦስተኛ፣ ስልክንም በገመድ ማገናኘት ይቻላል። ነገር ግን በገመድ ምስል የማያወጣ ስልክ ብዙ ነውና፣ ከመክፈላችን በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ እንሞክረው።

ባለሦስት ቀለም መሰኪያ ብቻ ላለው አሮጌ ቴሌቪዥን መቀየሪያ ቢገዛለትም ጽሑፉ ይደበዝዛል። ለፊልም እንጂ ለንባብ አይሆንምና ገንዘባችንን አናባክን።

ገጹ በኮምፒዩተር ሲከፈት ኮንትሮልንና የመደመር ምልክትን አንድ ላይ ብንጫን ፊደሉ ይተልቃል። ያን ጊዜ እናቶቻችን «አንብብልኝ» ብለው ልጅ ሳይለምኑ ራሳቸው ያነባሉ።