ጥያቄ ላለው ሁሉ የሚሆን መሣሪያ



በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት ደጅ ጠረጴዛውን ዘርግቶ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ የማያውቅ የከተማ ሰው የለም። ባለጉዳዩ በደሉን ያውቃል፤ ጽሕፈቱን ግን አያውቅም። ስለዚህ ነገሩን ያስረዳል፤ ዋጋውን ይከፍላል፤ ተራውንም ይጠብቃል። የተጻፈው የገዛ ሐሳቡ መሆኑን ግን ራሱ አንብቦ ሊያረጋግጥ አይችልም። ዛሬ የምንናገርለት ችግር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ባለጉዳዩ የተማረ ተመራማሪ፣ ጽሕፈቱም የኮምፒዩተር ቋንቋ መሆኑ ነው።

የሰውን ጠባይ በሙከራ መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. ቪልሄልም ቩንት በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ አቋቁሞ ነበር። በ1935 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆን ሪድሊ ስትሩፕ ያሳተመው ጥናት ደግሞ ለምሳሌ ይበቃናል። «ቀይ» የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ሳለ የቀለሙን ስም ጥራ የተባለ ሰው ይዘገያል፤ ማንበብ የለመደ አእምሮ ቃሉን ሳያነብ ማለፍ አይሆንለትምና። ስትሩፕ ይህን የመረመረው ቃላት በታተሙበት ካርድና በሰዓት ነበር።

ዛሬ ይኸው ሙከራ በኢንተርኔት አማካይነት በየቤቱ ለተቀመጠ ሰው ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን ቃላቱን በዕጣ የሚያፈራርቅ፣ መልሱን የሚመዘግብ፣ የዘገየበትንም ጊዜ በሰከንድ አንድ ሺህኛ የሚለካ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አብዛኛው የኮምፒዩተር ስክሪን ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚያድስ እያንዳንዱ ምስል የሚቆየው 17 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት ቸልታ ቢጨመር ልኬቱ ይዛባል። የአእምሮን ነገር ሲያጠና ዕድሜውን የፈጀ ምሁር ሁሉ ይህን በጃቫስክሪፕት ቋንቋ ጽፎ እንዲያቀርብ መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ባለሙያ ይቀጥራል፤ የሌለው ግን ጥያቄውን ይዞ ይቀራል።

ይህን መሰናክል ለማንሣት የደከሙ ሊቃውንት አሉ። በእንግሊዝ አገር የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲው ጆናታን ፒርስ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው ሳይኮፓይ በመጀመሪያ ኮድ መጻፍ ለሚችሉ ብቻ የሚያገለግል ነበር፤ ኋላ ግን ሙከራውን በምስል የሚያቀናብሩበት ክፍል ተጨመረለት። በ2012 ዓ.ም. ሴባስቲያን ማቶትና ባልደረቦቹ ኦፕን ሰሰሚ የተባለውን አስተዋወቁ። ላብ ጄኤስ የሚባለው ደግሞ በተለይ ለኢንተርኔት ሙከራ የተሠራ ነው። ሦስቱም ያለ ዋጋ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ኮዳቸውም ማንም ሊመረምረው እንዲችል ለሕዝብ ክፍት ነው።

አሠራሩ መዝገብ መያዝ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም። በሳይኮፓይ ተመራማሪው በአንድ ሠንጠረዥ በመጀመሪያው ዓምድ ቃሉን፣ በሁለተኛው ቀለሙን፣ በሦስተኛው ትክክለኛውን መልስ ይጽፋል። ከዚያም ቃሉ መቼ እንደሚታይና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በስክሪኑ ላይ በጊዜ መስመር ያመለክታል። ፕሮግራሙም ሠንጠረዡን እየደጋገመ እንዲያነብ ታዝዞ ኮዱን ራሱ ይጽፋል፤ በኢንተርኔት እንዲሠራም ወደ ጃቫስክሪፕት ይመልሰዋል። ተመራማሪው ቃላቱን በአማርኛ ለመለወጥ ቢፈልግ ሠንጠረዡን ማረም ነው እንጂ ሌላ ጸሐፊ መለመን አያሻውም።

የነገሩ ክብደት ከምቾት ያለፈ ነው። አሜሪካዊው ጄፍሪ አርኔት በ2008 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በታወቁ ስድስት የሥነ ልቡና መጽሔቶች የወጡትን ጽሑፎች መርምሮ፣ ከተጠኑት ሰዎች 68 በመቶው ከአሜሪካ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ «የሰው አእምሮ» ተብሎ የተጻፈው በብዙው የጥቂት አገሮች ሰዎች አእምሮ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ምክንያቱ የኮምፒዩተር ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የገንዘብና የትምህርት ነገርም አለበት። ቢሆንም መሣሪያው በጥቂቶች እጅ ሲቀር ጥያቄውም የጥቂቶች ሆኖ ይቀራል።

ሆኖም መሣሪያው ሲቀልል ማሰብም ይቀልላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይታለላል። በአላዋቂ የታቀደ ሙከራ ቀድሞ ተጀምሮ ሳያልቅ ይቀር ነበር፤ ዛሬ ግን በአንድ ሳምንት ተጠናቆ የተሳሳተ ዜና ሊያሠራጭ ይችላል። የተሳታፊዎቹ ኮምፒዩተርም ዓይነቱ ብዙ ነውና ተመራማሪው ሙከራውን አስቀድሞ በልዩ ልዩ መሣሪያ ሊፈትነው፣ የተሳታፊዎቹንም ፈቃድ ሊጠይቅና ምስጢራቸውን ሊጠብቅ ይገባዋል። ይህን ኃላፊነት የትኛውም ፕሮግራም አይወስድለትም።

አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ካለመጠየቅም ብዙ ዕውቀት ይቀራል። እንግዲህ አንድ መምህር ስለ ተማሪዎቹ ንባብ፣ አንድ ሐኪም ስለ ሕመምተኞቹ ትዝታ የሚመረምረው ነገር ቢኖረው፣ ኮድ መጻፍ አለመቻሉ ከደጅ የሚመልሰው ምክንያት መሆኑ እየቀረ ነው። የሚቀረው ጥያቄውን አጥርቶ ማሰብ ነው፤ እርሱም ዱሮውንም ቢሆን የተመራማሪው የራሱ ሥራ ነበር።