ልጆች የወጡበት ትምህርት ቤት የማን ነው?

የዛሬው ወጋችን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ተማሪ አልባ ስለሆኑ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሕንፃው ምን ይሁን? የሚወስነውስ ማነው? ጉዳዩ የእኛም ነው፤ ብዙዎቻችን በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ሠርተን፣ ግብር ከፍለን፣ ልጅ አሳድገንባታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

መሃል ከተማ፣ 13ኛው ጎዳናና ኬ ጎዳና በሚገናኙበት ጥግ፣ አንድ ትልቅ ቀይ የጡብ ሕንፃ አለ። ፍራንክሊን ትምህርት ቤት ይባላል። ንድፉን የሠራው አዶልፍ ክላስ የተባለ ከጀርመን የመጣ አርክቴክት ነው፤ በሩ የተከፈተው በ1869 ነው። ከተማዋ በሕንፃው እጅግ ከመኩራቷ የተነሳ አምሳያውን በ1873 ቪየና ላይ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላከችው፤ ተሸለመችበትም። በ1880 ደግሞ የአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ረዳት ከዚሁ ጣሪያ ላይ ሆኖ፣ ያለ ሽቦ፣ በብርሃን ጨረር ብቻ ድምፅ ላከ። ቤልም ኤል ጎዳና ላይ ባለው ላቦራቶሪው ውስጥ ሆኖ ሰማው።

ይህን ያህል ታሪክ ያለው ሕንፃ ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ የደረሰበትን ስሙ። ከ2002 ጀምሮ ቤት ለሌላቸው ወንዶች ሼልተር ሆነ። በ2008 ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ሼልተሩን ዘጉት። በ2011 ተቃዋሚዎች ሰብረው ገብተው ሕንፃው ለሕዝብ ይመለስ አሉ፤ ፖሊስ አስወጣቸው። ቀጣዩ ከንቲባ ቪንሰንት ግሬይ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል እንዲሆን መረጡ፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሙሪየል ባውዘር በ2015 ያንን ሰረዙ። በመጨረሻ፣ ቀድሞ የንባብ አስተማሪ የነበሩት አን ፍሪድማን ያቀረቡት ሐሳብ ተቀባይነት አገኘና በኦክቶበር 2020 ፕላኔት ወርድ የተባለ የቋንቋ ሙዚየም ተከፈተበት።

ሙዚየሙ መልካም ነገር ነው። ልጆች ዳግመኛ ይገቡበታል፣ ይማሩበታል። ነገር ግን ከሼልተሩ መዘጋት እስከ ሙዚየሙ መከፈት 12 ዓመት አለፈ። በአማርኛ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ ለባዶ ቤት ግን ይህ አይሠራም። ሰው የማይኖርበት ሕንፃ ጣሪያው ያፈሳል፣ በክረምት ቧንቧው ይፈነዳል፣ የመዳብ ሽቦው ይዘረፋል። ለጥገና የሚያስፈልገው ገንዘብም በየዓመቱ ያድጋል። ከተማ አልወሰንኩም ብላ ስትቀመጥ እንኳ መወሰኗ ነው፤ ሕንፃው እንዲፈርስ ፈቅዳለችና።

ለመሆኑ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ለምን ባዶ ቀሩ? በ1950 ዲሲ ከ800 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። በ2000 ቁጥሩ ወደ 572 ሺህ ወረደ። ቤተሰቦች ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ ወጡ፤ ከቀሩት ልጆች ብዙዎቹ ደግሞ ወደ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ገቡ። በ2008 የትምህርት ኃላፊዋ ሚሼል ሪ 23 ትምህርት ቤቶችን ዘጉ። በ2013 ተተኪያቸው ካያ ሄንደርሰን የሚዘጉ ሌሎች 15 ትምህርት ቤቶችን ስም ይፋ አደረጉ። ከዚያ ግን ምን ሆነ? በ2020 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ወደ 690 ሺህ ተመልሶ ነበር። ሰው ይሄዳል፣ ሰው ይመጣል። ዛሬ አያስፈልግም ተብሎ የተሸጠ ትምህርት ቤት ግን ነገ የልጆች ቁጥር ሲጨምር ተመልሶ አይገኝም።

አሁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንሂድ፣ አይቪ ሲቲ ወደምትባለው ሰፈር። ኒው ዮርክ አቬኑ ዳር ያለች፣ ጥቁር አሜሪካውያን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኖሩባት ትንሽ ሰፈር ናት። ክራመል ትምህርት ቤት እዚያ ነው። ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ክራመል ነው፤ ካምብሪጅ የተማሩ፣ ላይቤሪያ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ፣ በ1897 የጥቁር ምሁራንን አካዳሚ የመሠረቱ ጥቁር አሜሪካዊ ቄስ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለሰፈሩ ጥቁር ልጆች ተሠራ፤ በ1970ዎቹ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ባዶውን ቆመ።

የአይቪ ሲቲ ሰዎች በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ልጆቻችን የሚጫወቱበት፣ ሥራ አጥ ወጣቶች ሙያ የሚማሩበት፣ አዛውንት የሚሰበሰቡበት ቦታ ይሁንልን ነው ያሉት። ከተማዋ በ2012 የሰጠቻቸው መልስ ግን ግቢው የአውቶቡስ ማቆሚያ ይሁን የሚል ነበር። በከተማዋ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ጭስ ለተማረረ ሰፈር ተጨማሪ ጭስ! ነዋሪዎቹ ግን ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዳኛዋ ሥራውን አገዱት። ከተማዋ የሰፈሩን ተመራጮች በሚገባ አላማከረችም፣ በአካባቢው ላይ የሚደርሰውን ጉዳትም አላጠናችም ነበርና። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ከጠየቁ በኋላ ነው ከተማዋ ክራመልን የማኅበረሰብ ማዕከል አደርገዋለሁ ብላ ቃል የገባችው።

ሁለቱን ታሪኮች አስተያዩ። የመሃል ከተማው ሕንፃ ብዙ አመልካች፣ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ተከራካሪ ነበረው። የድሃ ሰፈሩ ሕንፃ ደግሞ ከነዋሪዎቹ በቀር ጠያቂ አልነበረውም። በአግባቡ ሥራ ላይ የዋለ ሕንፃም አለ፤ ሰምነር ትምህርት ቤት። እሱንም ክላስ ነው የነደፈው፤ በ1872 ለጥቁር ልጆች ተሠራ። በ1980ዎቹ ታድሶ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ቤተ መዛግብትና ሙዚየም ሆነ። ዛሬም የሕዝብ ነው።

እኔ እንዲህ አምናለሁ፤ የሕዝብ ትምህርት ቤት መሸጥ የለበትም። ትምህርት ቤቱን ያሠራው ሕዝብ ነው፤ ብዙዎቹ ግብር ከፋዮች ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ልንጠይቃቸው አንችልም። ሥራ ላይ የሚያውለው ካለ በኪራይ ይሰጥ፣ ውሉም የጊዜ ገደብ ይኑረው። ለሙዚየም ይሁን ለመኖሪያ ቤት፣ ቢያንስ አንድ አዳራሽ ለሰፈሩ ይቅር። ውሳኔውም ቀን ይቆረጥለት፤ ባዶ ሕንፃ 12 ዓመት አይቀመጥም። ከሁሉ በፊት ግን ሐሳብ ሲወጠን ጀምሮ ጎረቤቱ ይጠየቅ። ውል ተፈርሞ ካበቃ በኋላ «አስተያየታችሁን ስጡን» ማለት ሕዝብን ማክበር አይደለም።

ይህ እንዲሆን ሕጉ መንገድ ከፍቷል። ከንቲባዋ አንድን የሕዝብ ሕንፃ «ለከተማዋ ከእንግዲህ አያስፈልግም» ከማለታቸው በፊት የሕዝብ ስብሰባ መጠራት አለበት፤ የከተማው ምክር ቤትም ጉዳዩን መርምሮ ድምፅ ይሰጥበታል። በየሰፈሩ ደግሞ ኤኤንሲ የሚባለው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን አለ። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፤ እያንዳንዳቸው ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎችን ይወክላሉ። መሥሪያ ቤቶች የእነሱን ምክር በክብደት እንዲያዩ ሕግ ያስገድዳል።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገርም አለ። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም በ2024 በተደረገው የከተማዋ ምርጫ ድምፅ መስጠት ችለዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ገና ግሪን ካርድ ነው ያለኝ ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ! ለዕድር ስብሰባ አዳራሽ ስንፈልግ፣ ለልጆቻችን የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ክፍል ስንለምን እንኖራለን። በየሰፈራችን ግን በደጃፉ የምናልፈው፣ በእኛም ግብር የሚጠበቅ ባዶ ትምህርት ቤት ይኖራል። በዚህ ሳምንት የምትኖሩበት ሰፈር የኤኤንሲ ተወካይ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ቀጣዩ ስብሰባ መቼ እንደሆነ እወቁ፤ አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። ሄዳችሁም ስለዚያ ባዶ ሕንፃ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ለማን ሊሰጥ ታስቧል? ለስንት ዓመት? ለሰፈሩስ ምን ይቀራል? የአይቪ ሲቲ ሰዎች አውቶቡሶቹን ያስቆሙት ደጋግመው በመጠየቅና ፍርድ ቤት ድረስ በመሄድ ነው፤ ከእኛ የሚለዩበት ነገር የለም።