ምስል አልሰጥም ያለው ካሜራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ከሳይንስ ክበብ አባላት አንዱ ያደረገው ንግግር)



የምናገረው ስለ ኢንዱስትሪ ካሜራ ነው። ይህ ካሜራ ሠርግና ልደት የምናነሣበት ዓይነት አይደለም። በፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሱ መሙላቱን፥ ክዳኑም መግጠሙን ቀን ከሌት ቆሞ የሚመለከት ዓይን ነው። ስክሪንም ሆነ የማንሻ ቁልፍ የለውም፤ ያየውን ሁሉ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይልካል።

እንዲህ ያለውን ካሜራ አንድ የቀድሞ ተማሪ ለክበባችን ሰጠን። እኛም ለዛሬው በዓል ደህናውን ባቄላ ከነቀዘው እንዲለይልን አሰብን። የመጀመሪያው ቀን መልካም ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን በቪዲዮው ፕሮግራም ላይ ከጥቁረት በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። በዚያን ዕለት ካሜራውን ከመደርደሪያ አውርዶ ያመጣው አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ስለ ነበረ፥ «ጥለኸው ነው!» አልሁት። ልጁ አልጣልሁም ብሎ ማለ። እኔ ግን አላመንሁትም፤ ካሜራው ተበላሽቷል ብለን ለሰጪው ልንመልስም ተነሥተን ነበር።

መምህራችን ይህን ሰምተው፥ «መጀመሪያ ምስሉ የሚሄድበትን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተከተሉት» አሉን። ስለዚህ ከሌንሱ ጀመርን። ክዳኑ ተነሥቷል፤ የብርሃን መግቢያውም ተከፍቷል። የካሜራው መብራት በርቷል፤ ገመዱም ደህና ነው። ቀጥሎ አድራሻውን አየን። በኔትዎርክ ገመድ የሚሠራ ካሜራ አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ በሌላ ሰፈር ያለ እንደ ሆነ አይገናኙም። የእኛዎቹ ግን ጎረቤታሞች ነበሩ።

ተራው የኮምፒውተር ካሜራ ማንኛውም ፕሮግራም የሚያውቀውን የጋራ ቋንቋ ይናገራል። የኢንዱስትሪው ካሜራ ግን በ2006 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የወጣውን ጊጂ ቪዥን የተባለውን ደንብ ወይም የመሰለውን ይከተላል። ስለዚህ ብዙዎቹ የቪዲዮ ፕሮግራሞች የሠሪውን ድራይቨር በአስተርጓሚነት ካላገኙ አያዩትም። በዚህም ደንብ ካሜራውን ሊያዝበት የሚችለው በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ልቤ ደነገጠ። በስክሪኑ ግርጌ ተመለከትሁ፤ የሠሪው ማሳያ ፕሮግራም ተሸሽጎ ክፍት ነበር። ካሜራውን ይዞ፥ ሁለተኛውን ፕሮግራም አላስገባም ብሎታል። ማታ ከፍቶ ሳይዘጋ የሄደው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔው ራሴ ነበርሁ።

ዘጋሁት፤ ምስሉም መጣ። ነገር ግን እየተቆራረጠ ነበር። ወረቀት አውጥተን አሰላን፤ 1920 በ1080 ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት ይዞ በሴኮንድ 60 ምስል ቢላክ 124,416,000 ባይት ነው። የአንድ ጊጋቢት ገመድ ከነአድራሻ ጽሑፉ የሚሸከመው 125 ሚሊዮን ብቻ ስለ ሆነ ጭነቱ በዛበት። ወደ 30 ምስል ብናወርደው መቆራረጡ ቀረ። (የሒሳብ መምህራችን በዚህ እጅግ ተደስተዋል።)

የቀረው አንድ ችግር ምስሉ ደመቅ ፈዘዝ ማለቱ ነበር። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነውና የክፍላችን አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ ዓይናችን ባያየውም ካሜራው ያየዋል። ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ ከ3 ወደ 10 ሚሊሴኮንድ ብናሳድገው አንድ ሙሉ ርግብግቢት ስለሚይዝ ምስሉ ረጋ።

ያን ልጅ በክበቡ አባላት ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ዛሬ በሳይንስ ክፍል መሣሪያውን ለእንግዶች የሚያሳየው እሱ ነው። ባቄላው ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ለንፍሮ ስለሚፈለግ፥ እባካችሁ ቶሎ ብላችሁ ጎብኙልን።