የቪዲዮ ጨዋታ ሥራ እንደ መተዳደሪያ ሙያ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የቪዲዮ ጨዋታ መሥራትን መተዳደሪያው ለማድረግ የሚመኝ ወጣት ምክር ፈልጎ ወደ እኛ ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ይዞ ይመለሳል። አንደኛው «ይህ የልጅ ነገር ነው፤ ቁም ነገር ያዝ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ገንዘብ ያለው እዚያ ነው፤ ሳትቀደም ግባበት» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መልሶች ሥራውን በቅርብ ካለማወቅ የሚመነጩ ናቸው። ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው፣ ይህ ሥራ እውነተኛ ሙያ መሆኑን፣ ሙያው የታቀፈበት ኢንዱስትሪ ግን ጸንቶ የማይቆም መሆኑን፣ ከዚህም የተነሣ ወጣቱ ተስፋውን በቀጣሪ ኩባንያ ላይ ሳይሆን በጨበጠው ዕውቀትና ጨርሶ ባሳየው ሥራ ላይ መጣል እንደሚገባው ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንመልከት። ተጫዋቹ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ከመስኮቱ በስተጀርባ ግን የብዙ ሙያተኞች ድካም አለ። ፕሮግራሙን የሚጽፈው፣ ሥዕሉን የሚሥለውና የሚያንቀሳቅሰው፣ ድምፁንና ዜማውን የሚያዘጋጀው፣ ታሪኩን የሚደርሰው፣ ስሕተት እያሰሰ የሚፈትነው፣ ጊዜውንና ወጪውን የሚቆጣጠረው፣ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ባለሙያ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለውጭ ሰው እምብዛም የማይታየው የጨዋታው ደንብ ነዳፊ ነው። ገበጣን በምሳሌነት እንውሰድ። በየጉድጓዱ የሚገባው ጠጠር ቁጥር ቢለወጥ፣ ወይም ጠጠር የሚበላበት ደንብ ጥቂት ቢሻሻል፣ ጨዋታው አሰልቺ፣ ወይም ቀድሞ የጀመረው ሁልጊዜ የሚያሸንፍበት ሊሆን ይችላል። ይህን ሚዛን ፈልጎ ማግኘት፣ በሰው እያስሞከሩ ማረም፣ ደግሞም መሞከር የነዳፊው የዕለት ተዕለት ተግባር ነው። ስለዚህ ጨዋታ መውደድ ለሥራው መነሻ ይሆናል እንጂ ችሎታ አይሆንም፤ እንጀራ የሚወድ ሁሉ ጋግሮ ማውጣት አይሆንለትምና።

ሥራው እንደ ሙያ የታወቀውም ያለ ትግል አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የፕሮግራመሮቹን ስም በሠሩት ጨዋታ ላይ አያወጣም ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ዋረን ሮቢኔት «አድቬንቸር» የተባለውን ጨዋታ ሲሠራ፣ 4 ኪሎባይት ብቻ በሚይዘው ካርትሪጅ ውስጥ ስውር ክፍል አበጅቶ ስሙን ጻፈባት። ምስጢሩ የወጣው፣ እርሱ ኩባንያውን ከለቀቀ በኋላ፣ አንድ ታዳጊ ተጫዋች ክፍሏን አግኝቶ ለኩባንያው በጻፈ ጊዜ ነው። በ1979 ደግሞ ዴቪድ ክሬን፣ አላን ሚለር፣ ቦብ ኋይትሄድና ላሪ ካፕላን እውቅናና ከትርፉ ድርሻ ጠይቀው ስላልተፈቀደላቸው አታሪን ለቀቁ፤ ከጂም ሌቪ ጋርም አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። አዲሱ ኩባንያ የሠሪውን ስም ከጨዋታው ጋር ያስተዋውቅ ጀመር። በ1982 የወጣው የክሬን ሥራ «ፒትፎል» ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። ጉዳዩ የዝና ጥያቄ ብቻ እንዳይመስለን። ስሙ ከሥራው ጋር ያልተመዘገበለት ሙያተኛ፣ ወደሚቀጥለው ቀጣሪ ይዞት የሚሄደው ማስረጃ የለውም።

ይሁን እንጂ ስም ማግኘት ዋስትና ማግኘት አይደለም። በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ወደቀ። ከምክንያቶቹ መካከል ገበያው በጥድፊያ በተሠሩና ጥራት በጎደላቸው ጨዋታዎች መጥለቅለቁና የቤት ኮምፒዩተር ዋጋ መርከስ ይገኙበታል። «ኢ.ቲ.» የተባለው ጨዋታ ለ1982 የገና ገበያ እንዲደርስ ሲባል ፕሮግራመሩ ሠርቶ እንዲያስረክብ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። በዓመቱም አታሪ ሳይሸጡ የቀሩ ካርትሪጆችን በኒው ሜክሲኮ ግዛት አላሞጎርዶ በተባለ ከተማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረ፤ ከእነርሱ ጥቂቶቹ በ2014 ተቆፍረው ወጥተዋል። ይህ ያለፈ ታሪክ ነው እንዳንልም፣ በ2024 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ማይክሮሶፍት ከጨዋታ ክፍሉ 1,900፣ ሶኒም 900 ያህል ሠራተኞች እንደሚያሰናብቱ አስታውቀዋል። ከማይክሮሶፍቶቹ መካከል ከጥቂት ወራት በፊት በገዛው በአክቲቪዥን ብሊዛርድ ይሠሩ የነበሩ ይገኙባቸዋል። አራቱ ፕሮግራመሮች ክብራቸውን ፍለጋ የመሠረቱት ቤት እንኳ ለወራሾቹ መጠጊያ ሊሆን አልቻለም ማለት ነው።

እንግዲህ ሙያተኛውን የሚያቆመው ምንድን ነው? ለዚህ የጃፓናዊውን የሳቶሩ ኢዋታን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ኢዋታ በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮምፒዩተር ትምህርት ተምሮ ሃል ላቦራቶሪ በተባለ ትንሽ ኩባንያ ፕሮግራመር ሆነ። «ማዘር 2» የተባለው ጨዋታ ለዓመታት ተጓትቶ ከመሰረዝ አፋፍ ሲደርስ እንዲረዳ ተጠራ። እርሱም ያለውን እየጠገኑ ለመቀጠል ሁለት ዓመት፣ ከመሠረቱ እንደገና ለመጀመር ግን ግማሽ ዓመት እንደሚበቃ አስረዳ። ሥራው እንደ አዲስ ተጀምሮ ጨዋታው በ1994 ለገበያ በቃ። በ1993 ሃል ላቦራቶሪ ለመክሰር በተቃረበ ጊዜ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የሆነው ይኸው ሰው፣ በ2002 የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባው፣ ሥራውን ያዳነው ጨዋታ ማወቁ ብቻ ሳይሆን የፕሮግራምን አወቃቀር መረዳቱ፣ ጊዜን መገመት መቻሉና መራራውን እውነት ሳይሸሽግ መናገሩ መሆኑን ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት የጨዋታው ገበያ ቢዘጋ በባንክም፣ በሆስፒታልም፣ በትምህርት ቤትም የሚፈለግ ነው።

ስለዚህ ለወጣቱ የምለግሰው ምክር በሦስት ይጠቃለላል።

አንደኛ፣ ከተዘረዘሩት ሙያዎች አንዱን ለይቶ መሠረቱን ይማር። ፕሮግራመር ለመሆን የሚሻ ሒሳብን፣ ሠዓሊ ለመሆን የሚሻ የእጅ ሥዕልን አይዝለል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ጨዋታ ጀምሮ ይጨርስ። እንደ ጎዶትና ብሌንደር ያሉ መሣሪያዎች ያለ ክፍያ ስለሚገኙ የመሣሪያ እጦት እንደ ቀድሞው ምክንያት አይሆንም። በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ፣ ነገር ግን ተፈትኖና ታርሞ ለሰው የቀረበ አንድ ጨዋታ፣ ከጅምር ላይ ከቀሩ ታላላቅ ዕቅዶች ይልቅ ስለ ሠሪው ይመሰክራል።

ሦስተኛ፣ የዕለት ኑሮውን የሚደግፍበትን ሳይዝ አይነሣ። አሜሪካዊው ኤሪክ ባሮን «ስታርዱ ቫሊ»ን አራት ዓመት ተኩል ያህል ብቻውን ደክሞበት በ2016 አወጣ፤ ጨዋታውም በብዙ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ በእነዚያ ዓመታት በአንድ ቴአትር ቤት ተመልካች እያስተናገደ በትርፍ ሰዓት ይሠራ እንደነበርና የትዳር ጓደኛ ያህል የምትቀርበው ሴት በገቢዋ ትደግፈው እንደነበር ነው። ደግሞም የተሳካለት አንዱ ሲወራለት፣ የዚያኑ ያህል ደክመው ያልተሳካላቸው ግን አይቆጠሩም።

ወደ አህጉራችን ስንመለስ መንገዱ ፈጽሞ ያልተረገጠ አይደለም። በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ የተቋቋመው ኪሮኦ ጌምስ በአፍሪካ አፈ ታሪክ ላይ የተመሠረተውን «ኦሪዮን» የተባለ ጨዋታ በ2016 ለዓለም ገበያ አቅርቧል። በአገራችንም ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ»ንና የገበጣን ጨዋታ ለተንቀሳቃሽ ስልክ አዘጋጅቷል። ነገር ግን ወጣቶቻችንን በብዛት የሚቀጥር ትልቅ የጨዋታ ኩባንያ በአገራችን ስለሌለ፣ አብዛኛው ሰው ወይ ለራሱ ይሠራል፣ ወይም ከውጭ አገር አሠሪ ጋር በውል ይሠራል። ይህም ሥራ ከማወቅ በተጨማሪ ውል ማንበብን፣ የሠራው ነገር የማን ንብረት እንደሚሆን አስቀድሞ መጠየቅን ይሻል።

በመጨረሻ፣ የእኛ የማኅበሩ አባላት ድርሻ ምንድን ነው? ሠራተኛ ስንቀጥር ያለቀ ጨዋታ ይዞ የመጣውን ወጣት «ሲጫወት የከረመ» ብለን አንናቀው፤ ሥራውን ከፍተን እንመርምርለት። የሠራልንን ሰው ስም ከሥራው ጋር እንመዝግብ፤ ሮቢኔት ስውር ክፍል እስከ መሥራት የደረሰው ይህ ስለ ተነፈገው ነውና። የውል አጻጻፍ ትምህርት በማኅበራችን አማካይነት እንዲሰጥም እንድንመክርበት አሳስባለሁ። ምክር ፈልጎ የሚመጣውን ወጣት ደግሞ ከተስፋው ሳናርቀው፣ ተስፋውም ባዶ እንዳይሆን «እስካሁን የጨረስኸውን አሳየኝ» ብለን እንጀምርለት። የሚያሳየን ነገር ካለው አብረን እናርመው፤ ከሌለው የሚጨርስበትን ቀን ቆርጠን እንሸኘው።