ወቃሽ ደንበኛና ሰሚ ሠሪ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሞተር ብስክሌት ነው። ነገሩ ለበዓል ቀን የማይስማማ መስሎ ቢታያችሁ እስከ ፍጻሜው ድረስ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ በብረቱ ሥራ ውስጥ የሰው ጠባይ ይታያልና። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ2000 ግድም የቻይና ፋብሪካዎች፣ ይልቁንም በቾንግቺንግ ከተማ የሚገኙት፣ ሞተር ብስክሌታቸውን ወደ ጎረቤታቸው ወደ ቬትናም በብዛት ይልኩ ነበር። በዚያ በአንድ ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ገባ። አብዛኛው ተፈታትቶ ይሄድና እዚያው ቬትናም ውስጥ ይገጣጠማል። ዋጋው የጃፓኑ ሲሶ ያህል ስለ ነበረ፣ ሞተር ብስክሌት እገዛለሁ ብሎ በሕልሙ እንኳ ያላሰበው ገበሬ ገዝቶ ልጁን ከኋላው ለማፈናጠጥ በቃ። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ዳሩ ግን ፋብሪካዎቹ እርስ በርሳቸው በዋጋ ቅነሳ ተሽቀዳደሙ። ዋጋው ሲወርድ ትርፉ ቀጠነ፤ ትርፉ ሲቀጥን ብረቱም ቀጠነ። ብዙ ሳይቆይ ሞተሩ ይደክም፣ ዕቃውም ይዝግና ይሰበር ጀመር። በሠሪውና በገዢው መካከል ላኪ፣ አስመጪ፣ ገጣጣሚና ባለሱቅ ስለ ነበሩ፣ የገዢው ወቀሳ ከሠሪው ጆሮ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነበር።

በ2002 የጃፓኑ ሆንዳ ዌቭ አልፋ የተባለውን ሞተር ብስክሌት ከቀድሞው በግማሽ ያህል በቀነሰ ዋጋ በቬትናም አወጣ። ሕዝቡም ቻይናውን እየተወ ወደ እርሱ ተመለሰ። የሚያስደንቀው ግን ይህ ርካሽ ሆንዳ ከቻይና በተገዙ ዕቃዎች ጭምር የተሠራ መሆኑ ነው። እንግዲህ የቻይናው ሠራተኛ እጅ ሙያ አልጎደለውም ማለት ነው። የጎደለው፣ «ይህን አልቀበልም፤ መልሰህ ሥራ» የሚለው ተቆጣጣሪ ነበር።

ሆንዳስ ይህን ከየት ተማረው? በ1959 አሜሪካ ገብቶ መሸጥ ጀመረ። በ1960 ግን ሞተር ብስክሌቶቹ በአሜሪካ ረጅም ጎዳና በፍጥነት ሲነዱ ዘይት ያፈስሱ፣ ፍሪሲዮናቸውም ይበላሽ ጀመር። የደንበኞቹ እሮሮ በመጣ ጊዜ ኩባንያው የተበላሹትን ወደ ጃፓን አስመልሶ፣ መሐንዲሶቹ ሌት ተቀን መርምረው በአንድ ወር ግድም ጉድለቱን አረሙት። አሜሪካዊው ገዢ ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ ሆንዳ ጉድለቱን ከማን ያውቀው ነበር?

ቾንግቺንግም ብትሆን ከዚህ ትምህርት ርቃ አልቀረችም። በዚያው ከተማ የሚገኘው ሎንሲን የተባለ ኩባንያ ከጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ ጋራ ተዋውሎ፣ በዚያ ኩባንያ ጥብቅ መለኪያ እየተመረመረ ሞተር ሠራለት፤ በኋላም ሙሉ ስኩተር ለመሥራት በቃ። መመርመሩን እንደ ውርደት ቢቈጥረው ኖሮ ከዚህ ባልደረሰ ነበር።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የሠሪም ስም እንደዚሁ ነው፤ ክፉ ስም ከተሰበረው ብረት ይልቅ ዕድሜ አለው።

ውድ ጓደኞቼ፤ ከዚህ ግቢ ስንወጣ አንዳንዳችን ሠሪ፣ ሁላችንም ገዢ እንሆናለን። ገዢ በሆንን ጊዜ ርካሹን ይዘን በየቤታችን ከማጉረምረም ይልቅ ጉድለቱን ለሠሪው በግልጽ እንንገረው። ሠሪ በሆንን ጊዜ ደግሞ ወቃሹን እንደ ጠላት አንየው። መምህሮቻችን ደብተራችንን በቀይ ቀለም ሲሠምሩበት ያን ጊዜ ከፍቶን ነበር። ዛሬ በዚህ መድረክ ፊት ለመቆም ያበቃን ግን ያ ቀይ ቀለም ነው።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።