ያለ ውላጤ

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ያደገ ሰው ዛሬ በዚያ ሲያልፍ የልጅነቱን መንገድ በቀላሉ አያገኘውም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራ ሰፈር ተዛወሩ፤ ዕድሩም፣ የቡናው ጉርብትናም አብሮ ተበተነ።

እንዲህ ባለ ጊዜ እግዚአብሔር አይለወጥም የሚለው ትምህርት ምን ይነግረናል? በ13ኛው ክፍለ ዘመን ምዕራባዊው ሊቅ ቶማስ አኲናስ አስረድቶታል፤ የሚለወጥ ሁሉ ያልነበረውን ያገኛል፣ ምሉዕ የሆነው ግን የሚጨመርለት የለውም። እውነት ነው። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

የእኛ የተዋሕዶ ሊቃውንት የእስክንድርያውን ቄርሎስ ይዘው በሌላ በር ይገባሉ። ቃል ሥጋ የሆነው ያለ ሚጠት፣ ያለ ውላጤ፣ ማለትም ሳይለወጥ ነው ይላሉ፤ አምላክነቱን ሳይተው ሰው ሆነ፣ ተራበ፣ በሥጋ መከራን ተቀበለ። ይህን ሳስብ ልቤ ይረጋል። የማይለወጠው አምላክ ከጭንቀታችን የራቀ አይደለም ማለት ነውና፤ እንዲያውም ቀርቦናል፣ ቀርቦም አይከዳንም። በቂርቆስና በዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚሳለመው ምእመን፣ ሰፈሩ ቢለወጥበትም፣ የሚደገፈው በዚህ ነው።

አምላካችን አይለወጥም እያልን ጎረቤታችንን ከረሳን ግን ትምህርቱ አልገባንም። ስለዚህ ከሰፈር ለወጡት ዛሬ ደውሉላቸው፤ ከቻላችሁም እሑድ ገላን ጉራ ድረስ ሄዳችሁ ጠይቋቸው።